ያልተዘረጋው ሽቦ፤ የታርቱ ተማሪዎች ሳተላይት



እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2013 ቬጋ የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው የኩሩ ጣቢያ ስትነሣ ከጫነቻቸው ሳተላይቶች አንዱ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ኤስትኪዩብ-1 ይባላል። በመዳፍ የሚያዝ ይህ ሣጥን የኢስቶኒያ የመጀመሪያ ሳተላይት ሲሆን፣ የተሠራውም በታርቱ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በተማሪዎች እጅ ነው።

ሥራው የተጀመረው በ2008 ነው። አምስት ዓመት ለአንድ ተማሪ ረጅም ዕድሜ ነው፤ የጀመረው ተመርቆ ይሄዳል፣ የሚጨርሰው ገና ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ውሳኔ በጽሑፍ ካልተተወ ሥራው ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ጊዜው በመጣበቡም ሳተላይቱ የተነሣው ለመነሻ የሚበቃውን ፕሮግራም ብቻ ይዞ ነው፤ የቀረው ከምድር በራዲዮ ተላከለት። ጣሪያው ሳያልቅ እንደተገባበት ቤት መሆኑ ነው።

ዓላማው ግን ከልምምድ ያለፈ ነበር። ፀሐይ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ደቃቅ ቅንጣቶችን ሳታቋርጥ ትረጫለች። የፊንላንዱ ሊቅ ፔካ ያንሁነን ያቀረበው አሳብ፣ ረጃጅም ሽቦዎች በሕዋ ተዘርግተው ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ቢሞሉ ይህ የፀሐይ ነፋስ መንኮራኩርን ያለ ነዳጅ ይገፋል የሚል ነው። ኤስትኪዩብ-1 በሚዞርበት ዝቅተኛ ከፍታ የምድር መግነጢሳዊ ኃይል ነፋሱን ያግደዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ያለውን ስስ የአየኖች ጋዝ ሳተላይቱ በሴኮንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እየበረረ ስለሚሰነጥቀው፣ ተመሳሳይ ግፊት ሊለካ ይችላል።

ሙከራው ይህ ነበር፤ ሣጥኑ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ከጠጉር የቀጠነ የ10 ሜትር ሽቦ ይለቃል፤ ሽቦው 500 ቮልት ይሞላል፤ ከዚያም የሽክርክሪቱ ፍጥነት መለወጡ ይታያል። ተማሪዎቹ ሳተላይቱን ማሽከርከሩ ከታሰበው በላይ ሠመረላቸው፤ በሴኮንድ እስከ 841 ዲግሪ አደረሱት። ሽቦው የተጠመጠመበት መዘውር ግን ትእዛዝ ሲደርሰው አልዞረም። የተገመተው ምክንያት ሮኬቱ ሲነሣ የደረሰበት ንዝረት ነው። ከምድር ላይ ሆኖ የተያዘን መዘውር የሚነካካ እጅ የለም።

ዋናው ሙከራ ከሸፈ። ክሽፈቱን ግን አልደበቁትም፤ የተበላሸውንና የሠራውን ለይተው በሙያ መጽሔት አሳተሙ። ይህ ለባልንጀራ መሐንዲስ ከማናቸውም የምስጋና ንግግር የበለጠ ይጠቅማል። የፀሐይ ብርሃን መቀበያዎቹ እየደከሙ ሄደው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2015 የሳተላይቱ አገልግሎት ተዘጋ።

ሌላ ትውልድ ተማሪ ከፍ ያለውን ኤስትኪዩብ-2ን ሠራ። እርሱም አዲስ የሽቦ ሙከራ ይዞ በኦክቶበር 2023 በቬጋ ሮኬት ከዚያው ከኩሩ ተነሣ። በዚህኛው ጊዜ ሳተላይቱ ከሮኬቱ ሳይላቀቅ ቀረ፤ ሽቦው ዳግመኛ ሳይዘረጋ ጠፋ።