ከመስጠት በፊት ማንበብ

(ለመሠረተ ትምህርት አድማጮች ከሳንቃ በር የቀረበ ንግግር)

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ፣ ከብቱን አስገብታችሁ፣ ልጆቹን አስተኝታችሁ፣ በየመማሪያ ጣቢያው ተሰብስባችሁ ለምታዳምጡን ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ባለፈው ትምህርታችን ቁጥርን ከአንድ እስከ መቶ ማንበብና መጻፍ ተለማምደን ነበር። ዛሬ ደግሞ ፊደልና ቁጥር አብረው የሚገኙበትን አንድ ትንሽ ወረቀት እናነሣለን። ይህ ወረቀት ደረሰኝ ይባላል። ስለ እሱም የምንነጋገረው የምርጫና የፖለቲካ ድርጅት ጉዳይ በየቤታችን ደጃፍ ሲመጣ ከእኛ ከሚጠየቀው መዋጮ ጋር አያይዘን ነው።

የምርጫ ወራት ሲደርስ ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ጉልበት ነው፤ ሦስተኛው ፊርማ ነው። «ለድርጅታችን አዋጡ፣ ለቅስቀሳ ውጡ፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» ይባላል። እንግዲህ ሰው ለሚያምንበት ዓላማ ቢሰጥ ምን ነውር አለው? ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም መልካም ነው። ድሀ ሕዝብ ሃሳቡ እንዲሰማለት ከፈለገ ከኪሱም ከጉልበቱም ትንሽ ትንሽ ማዋጣት አለበት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለዚህ ነው። ጥያቄው መስጠቱ ላይ አይደለም። ጥያቄው የሚሰጠው ሰው ለማን፣ ለምን፣ ስንት እንደሰጠ ያውቃል ወይ? አልሰጥም ለማለትስ ይችላል ወይ? የሚል ነው።

መስጠት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ስንቁን ከየቤቱ ይዞ የወጣ ነው። ቆሎውን የቆላች፣ በሶውን የፈጨች የአገሬው ሴት ናት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ወደዚህ ወደ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች በደረሰ ጊዜ ስንቅ ሲዘጋጅ የነበረው በየጓዳው ነው። እንዲህ ያለው የመከራ ጊዜ ስጦታ ደረሰኝ አይጠብቅም፤ ሊጠብቅም አይችልም። የፖለቲካ ድርጅት መዋጮ ግን የመከራ ቀን ስንቅ አይደለም። ጊዜ አለው፣ ሕግ አለው፣ ሂሳብ አለው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሰብሳቢ ሁለቱን ሆን ብሎ ያደባልቃቸዋልና።

እስቲ ወደ ራሳችን ልማድ እንመለስ። ደቦ ስንወጣ የማን ገብስ እንደሚታጨድ እናውቃለን። ባለማሳው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቀናል። በሌላ ቀን ደግሞ እሱ በተራው ለእኛ ይወጣል። ዕድር ስንከፍል ጸሐፊው ስማችንን ጠርቶ ይጽፋል፤ ገንዘቡ ለለቅሶ እንጂ ለሌላ እንደማይውል እናውቃለን፤ ሂሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ዕቁብም እንደዚያው ነው። ታዲያ ለአሥር ብር ዕድር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለፖለቲካ መዋጮ ሲሆን ለምን ዓይናችንን እንጨፍናለን? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፊደል አለማወቅ ነው። ሁለተኛው ሲወገድ አንደኛውም እየቀነሰ ይሄዳል።

በአገራችን «ዘመቻ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በእውነት ሕዝባቸውን ለማገልገል የወጡ ነበሩ። ገበሬውን ፊደል አስቆጥረዋል፤ ስለ መሬት አዋጁ አስረድተዋል። ነገር ግን አልዘምትም ያለ ተማሪ ትምህርቱን እንዳይቀጥል፣ ሥራም እንዳይቀጠር ተደንግጎ ነበር። እንግዲህ በአንድ መኪና ተሳፍረው ከሄዱት ወጣቶች ማን በፈቃዱ፣ ማን በግዴታ እንደወጣ ለመለየት አይቻልም። ግዴታ ሲገባበት የፈቃደኛውም መልካም ሥራ ዋጋው ይደበዝዛል። ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ለእኛ ለመምህራን ቅርባችን ነው። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ከመቶ ሰው 93ቱ ፊደል አይለይም ይባል ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ብዙው ወጪ የተሸፈነው በሕዝቡ መዋጮ ነው። ገበሬው እንጨት ቆርጦ ዳስ ሠራ፤ ከግንድ መቀመጫ ጠረበ፤ ለኩራዙ ጋዝ አዋጣ። በዚያ ኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በየመንደራችን አሉ። በአንዳንድ ቦታ ከትምህርት የቀረ ሰው ይቀጣ እንደነበርም የሚያስታውሱ አሉ። ሆኖም ገበሬው ያዋጣው እንጨት የት እንደገባ በዓይኑ አይቷል። ዳሱ ከፊቱ ቆሟል፤ ልጁም ሚስቱም በውስጡ ተቀምጠዋል። መዋጮ እንዲህ በዓይን ሲታይ ደረሰኝ ባይኖርም እንኳ ይታመናል። በዓይን የማይታይ ሲሆን ግን በወረቀት መታየት አለበት።

አሁን ከማስተምርበት የማታ ክፍል አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንዲት ባልቴት ከተማሪዎቼ መካከል አሉ። አንድ ማታ በጨርቅ የተቋጠሩ ወረቀቶች አምጥተው፣ «ልጄ፣ እስቲ እኒህን አንብብልኝ፤ ስከፍል የኖርኩባቸው ናቸው» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እርስዎ ያንብቡ፤ እኔ አዳምጣለሁ» አልኳቸው። መነጽር የላቸውም፤ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሳለፉ አነበቡ። የመጀመሪያው «ለመንገድ ሥራ» ይላል። እሱን ያውቁታል። ሁለተኛው «ቦንድ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። «የአባልነት መዋጮ» ይላል። «ይኸም ለመንገዱ ነው ተብዬ እኮ ነው የከፈልኩት! አባል መሆኔን ማን ነገረኝ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

የየትኛው ድርጅት ወረቀት እንደነበረ ለዛሬው ትምህርታችን አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ሦስቱ ወረቀቶች ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ስጦታ ነው፤ የተሰጠ አይመለስም። ሁለተኛው ብድር ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ሕዝቡ ቦንድ እንዲገዛ ተጠይቋል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም የወር ደመወዙን በየወሩ እያስቆረጠ ከፍሏል፤ በ8100 በስልክ መልእክትም የተሰበሰበ አለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቦንድ ማለት መንግሥት ከዜጋው የተበደረው፣ ጊዜው ሲደርስ የሚመልሰው ገንዘብ ነው። ወረቀቱን እንደ ስጦታ ቆጥሮ በሳጥን ውስጥ የረሳ ሰው የራሱን ገንዘብ ረሳ ማለት ነው። ሦስተኛው ግን ከገንዘብም ያለፈ ነው። «አባል ነኝ» ብሎ ስምን መስጠት ነው።

ባልቴቲቱ ቦንዱን ይዘው ወደ ባንክ ሄዱ። ለአባልነቱ ደግሞ ስሜ ይሰረዝልኝ ብለው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ሁለት ጊዜ «ነገ ይምጡ» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን በቃል መናገሩን ትተው ማመልከቻ ይዘው ቀረቡ። ማመልከቻው አራት መስመር ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ፊደል ተሳስቷል። ግን የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው፤ ከታች ያለውም የአውራ ጣት አሻራ አይደለም፣ ፊርማ ነው። ተቀበሏቸው።

አድማጮች ሆይ፣ ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንም ሰው በራሱ ፍላጎት የፖለቲካ ድርጅት አባል ለመሆን መብት እንዳለው ይናገራል። «በራሱ ፍላጎት» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ፍላጎት ከሌለ አባልነት የለም። ስለ ምርጫና ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት የሚፈልጉ ሰዎች 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት የሚፈልጉ 4,000 መሥራች አባላት ማቅረብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሳያነብ የሚያኖራት ፊርማ ተራ ነገር አይደለችም። ከሌሎች ጋር ተደምራ ፓርቲ ታቆማለች። ፊርማቸው ሲጣራ መስፈርቱን ያላሟሉ ፓርቲዎች በብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ተሰርዘዋል። ፓርቲ ከውጭ አገር ሰው ወይም ምንጩ ካልታወቀ እጅ ገንዘብ እንዳይቀበልም ተከልክሏል። የመንግሥትን መኪናና ንብረት ለአንድ ወገን ቅስቀሳ ማዋልም ክልክል ነው።

በሌላው ዓለምስ? በአሜሪካ ተራ ሰው ለወደደው ተወዳዳሪ ገንዘብ መላኩ የተለመደ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ባራክ ኦባማ በተመረጡበት ውድድር እጅግ ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ዶላር ልከውላቸዋል። ነገር ግን የአገሩ ሕግ ለአንድ ተወዳዳሪ በአንድ የምርጫ ወቅት በጠቅላላው ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙና ሥራው ተመዝግቦ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያዛል። እኛ የዕድር ሂሳብ በጉባኤ ይነበብ የምንለውን እነሱ በአገር ደረጃ አደረጉት ማለት ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰውስ ምን ይሰጣል? ዓይኑን ይስጥ። በምርጫ ቀን በየጣቢያው የዕጩዎች ወኪሎች ተቀምጠው ድምፅ ሲሰጥና ሲቆጠር ይከታተላሉ። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ተጽፎ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ማንበብና መደመር መቻል አለበት። የዚህን ሥራ ክብደት ለማወቅ 1997 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን የቅንጅት ደጋፊዎች በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይን ሞልተውት ነበር። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አገኘ። በአገሪቱ ጠቅላላ ውጤት ላይ ግን ክርክር ተነሣ። ክርክሩ በቆጠራ ላይ ነበር። በሰኔና በጥቅምት በተፈጠረው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ነገሩን ካጣሩት የኮሚሽኑ አባላት እንደተነገረው 193 ሲቪሎች ሞተዋል። አደባባይ መሙላት ቀላል ነው። በየጣቢያው ማንበብ የሚችል፣ የማይፈራ፣ የማይሸጥ ሰው ማስቀመጥ ግን ከባድ ነው። ቆጠራው በየጣቢያው በታመኑ ዓይኖች ፊት ሲፈጸም የክርክሩ በር ይጠባል።

አንዳንዶቻችሁ፣ «መምህር፣ አልሰጥም ብል ማዳበሪያ ብከለከልስ? በክፉ ዓይን ብታይስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፍርሃታችሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ አላቃልለውም። ብቻዬን ተጋፈጡ አልልም። አብራችሁ ጠይቁ። ሰብሳቢው ሲመጣ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ተቀበሉት። «አንሰጥም» ማለት ቢከብድ፣ «ወረቀቱን አሳየን፣ አንብበን እንነግርሃለን» በሉት። ይህ ስድብ አይደለም፤ አመፅም አይደለም። እውነተኛ ሰብሳቢ በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ ወረቀቱን ደግማችሁ አንብቡ።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ማጠቃለያ ይህ ነው። ደረሰኝ ስትቀበሉ አምስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የተቀባዩ ድርጅት ስም፤ ሁለተኛ፣ የከፈላችሁበት ምክንያት፤ ሦስተኛ፣ የገንዘቡ ልክ በቁጥርም በፊደልም፤ አራተኛ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት፤ አምስተኛ፣ ፊርማና ማኅተም። አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ካለው ደረሰኝ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ። የዕድርም፣ የግብርም፣ የመዋጮም ቢሆን ግድ የለም። በየቡድናችሁ ተራ በተራ አንብቡ። ያነበበውን ሰው ሌሎቹ፣ «ይህ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ አባልነት?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም በገዛ እጃችሁ ስማችሁን ፈርሙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ እንማራለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።