ፖርቶመጋላ ላይ የወጣ ሞተር

አቅራቢ 1፦ ከቢቸና ሞጣ የሚሄደው መኪና ፖርቶመጋላ ላይ፣ ከጤፉ ማዳበሪያ ጎን ምን ተጭኗል? የውሃ መሳቢያ ሞተር፤ በከመነዳሪ ቁራጭ አንዴ ተጠምጥሞ።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ ታስሯል እኮ! ምን ቀረው?

አቅራቢ 1፦ ከመነዳሪ ይለጠጣላ! ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መኪናው ይቆማል፤ ሞተሩ ግን ገና ጉዞ ላይ ነው። በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ ጭነት የክብደቱን 80 በመቶ ያህል ወደ ፊት ይገፋል ተብሎ ነው ማሰሪያ የሚሰላው። 30 ኪሎ የሚመዝን ሞተር በ24 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው። ገመድም ቢሆን በኮረኮንች ሲነቀነቅ ይላላል። ስለዚህ ከቱቦላሬ የተበየደ፣ የሞተሩን እግር የሚቀበል ፍሬም በብሎን ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰር ነው የምለው። በውጭ አገር በጀርባ የሚታዘለውን መብረሪያ፣ ፓራሞተርን፣ በመኪና የሚያጓጉዙትም እንዲህ ዓይነት መያዣ ይሠሩለታል።

አቅራቢ 2፦ እነሱማ ለመዝናኛ ነው፤ ገንዘቡም አላቸው። በዓመት አንዴ ሞተር ለሚያስጭን ገበሬ ግን ይሄ ቅንጦት ነው፣ ወንድሜ።

አቅራቢ 1፦ ፍሬሙ የገበሬው ለምን ይሆናል? የመኪናው ይሁን። የጫነ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ወጪው በጭነት ሒሳብ ይመለሳል።

አቅራቢ 2፦ እሱስ ልክ ነው። ቤንዚኑን ግን ረሳኸው።

አቅራቢ 1፦ አልረሳሁም! ቋቱ ባዶ ይሁን፣ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋ። ሞተሩም በእግሩ ይቁም፤ ከተጋደመ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

አቅራቢ 2፦ እንግዲህ ረዳቶች፣ ፍሬሙ እስኪበየድ ደብረ ወርቅ ስትቆሙ ውጡና ማሰሪያውን እንደገና ሳቡት።