ብሩሽ ለማንሣት አልመሸም



እዚህ ጉርድ ሾላ ሥዕል የምንወድ ተማሪዎች «እንጀራ አይሆናችሁም» ስንባል ኖረናል። እንጀራ ያስፈልጋልና ምክሩን አንንቅም። ነገር ግን እንጀራውን ያገኘ ሰው ሥዕልን ለዘላለም ሊተው ይገባዋልን?

የቢሾፍቱው ሠዓሊ ለማ ጉያ መልስ ይሆኑናል። በአየር ኃይል ሲያገለግሉ በራሳቸው ጥረት ሥዕል ይለማመዱ ነበር። በኋላም ሙያቸው አደረጉት፤ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል ታወቁ፤ በቢሾፍቱም የሥዕል ቤተ መዘክር አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር የሚያውቃቸው ሠዓሊ ነበሩ።

በባሕር ማዶም አንሪ ሩሶ የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ የቀረጥ ሠራተኛ ነበር። ለሥዕል ሙሉ ጊዜውን የሰጠው በ1893 እ.ኤ.አ.፣ በ49 ዓመቱ፣ ሥራውን ለቅቆ ነው።

ሁለቱም እጃቸውን ያሠለጠኑት ከሥራ በተረፈች ሰዓት ነው፤ ሙያው በድንገት አልመጣላቸውም። ስለዚህ ሕክምና ወይም ሒሳብ የምንመርጥ ጓደኞች ሆይ፣ እርሳሳችንን አንጣል። እናንተም ወላጆቻችን፣ በልጅነታችሁ የተዋችሁት ሥዕል ካለ፣ ዛሬ ማታ ደብተራችንን እናውሳችሁና አብረን እንጀምር።