አውሮፕላን ከፍታውን በምን ያውቃል?
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በቢታ ገነት ሰማይ በደመና መካከል የሚያልፈው አውሮፕላን ከፍታውን በምን ያውቃል? በገመድ አይለካው ነገር! የሚለካው በአየር ግፊት ነው። አየር ክብደት እንዳለው ቶሪቼሊ በሜርኩሪ አሳይቷል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥርም ግፊቱ ይቀንሳል። አልቲሜትር የተባለው መሣሪያ ይህን መቀነስ ወደ ከፍታ ይመልሰዋል።

ነገር ግን ግፊቱ እንደ አየሩ ጠባይ ይለዋወጣል። ስለዚህ አብራሪው የሰዓቱን ግፊት በሬዲዮ ተቀብሎ መሣሪያውን ያስተካክላል። የሞላው ቁጥር ከእውነተኛው 10 ሄክቶፓስካል ቢበልጥ፥ አውሮፕላኑ መርፌው ከሚያሳየው 80 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይበራል። በጭጋግ ቀን ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

አብራሪዎች በምድር ላይ የሚለማመዱበት ሲሙሌተር (የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአዲስ አበባ አለው) ይህን ሁሉ በሒሳብ መሥራት አለበት። ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ወለል አጠገብ 8.3 ሜትር ያህል ከፍ ስንል ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ይቀንሳል። የሲሙሌተሩ ሠሪ ይህንኑ ስሌት ይዞ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስካለችው ቦሌ ቢወጣ፥ ከመደበኛው 1013 ተነሥቶ 732 ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው መደበኛ ግፊት ግን 763 ገደማ ነው። አየሩ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳልና፥ ቦሌ ላይ አንዷን ሄክቶፓስካል ለመቀነስ ከ10 ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። ስሕተቱ በከፍታ ሲታሰብ ከ300 ሜትር ይበልጣል! ለባሕር ዳር አገር የበቃ ስሌት ለእኛ ደጋ አይበቃም።

ስሌቱን በሙሉ በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል፤ ሊመረምረው የሚወድ ሁሉ ይምጣ።