ከጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ቁስሉ እንዴት ይዘጋ?



ጉልበትን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ስለመተካት ሲነሣ ንግግራችን ሁልጊዜ በብረቱና በፕላስቲኩ ላይ ያተኩራል። ስለ ቁስሉ መዘጋት የሚናገር ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ዋናው ሐኪም ጓንቱን አውልቆ ሲወጣ መርፌውን የሚይዘው ከእናንተ አንዱ ነው፤ ይህ ንግግርም በተለይ ለእርሱ ነው።

ጉልበት ለቁስል የማይመች ስፍራ ነው። ከፊት ለፊቱ ቆዳውን ከአጥንቱ የሚለይ ጡንቻ የለም። ለቆዳው የሚደርሰው ደም በአብዛኛው ከውስጠኛው ጎን ስለሚመጣ፣ መሐል ለመሐል ሲቀደድ በውጭ በኩል የሚቀረው ጠርዝ ኦክስጅን ያንሰዋል። በዚህ ላይ በሽተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጉልበቱን እንዲያጥፍ እናዝዘዋለን፤ ባጠፈ ቁጥር ቆዳው ይወጠራል። የቁስሉ ጥንካሬ ግን በሦስተኛው ሳምንት እንኳ ከጤናማ ቆዳ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጥረቱን መሸከም ያለባቸው የመገጣጠሚያው ከረጢትና ከቆዳ በታች ያለው ንብርብር ናቸው። ቆዳው ጠርዝ ከጠርዝ ሳይጨነቅ ይገጥም ዘንድ እነዚህ አስቀድመው በሚገባ ይሰፉ።

ለቆዳው ስቴፕል፣ ስፌት ወይስ ሙጫ? በ2010 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና፣ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስቴፕል ከስፌት ይልቅ የቁስል ኢንፌክሽንን ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚያበዛ አመለከተ። ብዙዎች ይህን ቁጥር በቃል ይዘውታል። ይሁንና ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በዳሌ ላይ ነበር፤ ከተካተቱት ጥናቶች አብዛኞቹም ደካማ ነበሩ። በዚህ ብቻ ስቴፕልን ከጉልበት ማገድ ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። እኔ በቆዳው ውስጥ የሚሄድ፣ በራሱ የሚሟሟ ክር እመርጣለሁ፤ የጠርዙን የደም ዝውውር እምብዛም አያንቅም፤ ከሩቅ ገጠር የመጣ በሽተኛም ለማስነቀል ብቻ እንዲመለስ አያስገድደውም። ሙጫ ቁስሉን ከውጭ ያሽጋል እንጂ ውጥረት አይሸከምም፤ አልፎ አልፎም ቆዳን በአለርጂ ያስቆጣል።

ከመዝጊያው ምርጫ ይልቅ ብዙ ጉልበት የሚያሳጣን ግን የሚያዥ ቁስል ነው። ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት ፋሻቸው በየቀኑ እየረጠበ አንቲባዮቲክ እየሰጠን ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። መድኃኒቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ምልክቱን መሸፈን ነው። በመጨረሻ መገጣጠሚያው ወጣ። ያን ጊዜ «ጥቂት እንታገሥ» ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጉልበት ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ የማዠት ቀን የኢንፌክሽን አደጋን በ29 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የተደረገው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነትም፣ ማዠቱ ከ5 እስከ 7 ቀን ካለፈ ሳይዘገይ ተመልሶ መክፈትንና ማጽዳትን ይመክራል።

እንግዲህ በተረኝነታችሁ ሌሊት ነርሷ «ፋሻው እንደገና ረጠበ» ስትላችሁ፣ ፋሻ ለውጣችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ስንተኛው ቀን እንደሆነ ቁጠሩ፤ ጉልበቱን ማጠፍ አስቁሙ፤ ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት መርምሩ፤ ለአለቃችሁም በዚያው ሌሊት ንገሩ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።