ከደጅ ጥናት ወደ ለጋሽ ጥናት

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች ከተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ የመጣሁት በእግሬ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቼ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን አምሳያ አልፌ፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድሁ። በዚህ ጎዳና ላለፉት ሃያ ዓመታት ስወጣና ስወርድ ኖሬአለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም በብብቴ የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ይዤ ነበር። ሥራዬ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ዛሬ የምናገረው ከዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው ስለማያየው ክፍል ነው፤ ከፍ ያለ ስጦታ ሊሰጥ የሚችለውን ሰው ከመጠየቅ በፊት ስለ እርሱ ስለሚደረገው ጥናት።

በቋንቋችን «ደጅ መጥናት» የሚባል ነገር አለ። ባለጉዳይ በመኳንንቱ ግቢ በር ቆሞ፣ ጌታው ሲወጣም ሲገባም እጅ እየነሣ፣ አንድ ቀን ዓይኑ እስኪያርፍበት ድረስ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚያሳልፍበት ልማድ ነበር። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለው «ጥናት» በዩኒቨርሲቲ ከምንለው ጥናት ይልቅ ወደ መታገሥ ያደላል። ይሁን እንጂ ደጅ የሚጠናው ሰው ሳያስበው ተመራማሪ ነበር። ጌታው መቼ እንደሚቈጣ፣ መቼ እጁ እንደሚፈታ፣ የማንን ቃል እንደሚሰማ፣ በየትኛው ታቦት ስም ቢለመን እንደማይጨክን ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ በሩ ላይ መቆሙን ትተን ደብዳቤ መላክ ስንጀምር ውርደቱን ጥለናል፤ ደግ አደረግን። ዕውቀቱንም አብረን ጣልነው፤ በዚህ ግን ተጎዳን።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን እንደሚያስጨንቅ ባጭሩ ላስታውስ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን በመብት ጉዳይ ላይ ለመሥራት የፈለገ የኢትዮጵያ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። በጤናና በልማት ላይ የምንሠራው ግን የውጭ እርዳታ መጠበቃችንን ቀጠልን። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡን ሲያነሣ ሁሉም ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ደግሞ በርካታ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ፤ የቀሩትም «የአገር ውስጥ ባለሀብቶችን እንጠይቅ» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ስልክ ይደወልልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የባለሀብቶች ስም ዝርዝር አለህ ወይ?»

እንዲህ ያለ ዝርዝር እኔም ነበረኝ። በ2010 ዓ.ም. ሕፃናትን በሚያሳክም አንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ከጋዜጣና ከሰው አፍ የ40 ባለሀብቶችን ስም ለቀምሁ። ማኅተም ያረፈባቸው 40 ደብዳቤዎች አዘጋጅቼ እዚሁ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋና ፖስታ ቤት አስገባሁ። ከ40ው ሁለቱ መለሱ። አንዱ «መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ» ይላል። ሁለተኛው ደብዳቤያችን በተመሳሳይ ቀን ከደረሱት አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አንዱ መሆኑን በትሕትና የሚያስረዳ ነበር። ያን ጊዜ ተናደድሁ። አሁን ሳስበው ሰውየው ትልቅ ትምህርት ሰጥተውኛል፤ በከተማው ያለን ድርጅቶች ሁሉ ያንኑ ዝርዝር ይዘን ያንኑ በር ስናንኳኳ ኖረናል።

የስሕተቱ ምንጭ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቃችን ነው፤ «ማን ገንዘብ አለው?» ለጋሽን የሚያጠና ሰው ከዚህ ሌላ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። ይህ ሰው ከምንሠራው ሥራ ጋር የሚያገናኘው ምን ነገር አለ? ከዚህ ቀደምስ ለማን፣ እንዴት ሰጥቶ ያውቃል? አቅም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዐቅሙ መካከለኛ ሆኖ ከጉዳዩ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ያለው ሰው፣ ስለ እኛ ሰምቶ ከማያውቅ ከበርቴ ይበልጣል። ሰጪ የራሱ ምክንያት አለው፤ ያ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ቁስል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ መስጠታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. በዚያ ግቢ ተመረቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ባለሥልጣኖቻቸው በጥይት የተደበደቡት በዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ስጦታውን ከዚያ ሐዘን ነጥሎ የሚያይ ሰው ምሉእ ታሪክ የያዘ አይመስለኝም።

መረጃው ከየት ይገኛል የሚለውን ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛልና እዚህ ላይ ትንሽ ልቈይ። በሌላው ዓለም የቤት ዋጋ፣ የአክሲዮን ድርሻ፣ የቀድሞ ስጦታ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ጠቅታ የሚወጣበት አገር አለ። የእኛ መዝገብ የተበታተነ ነው፤ የለም ማለት ግን አይደለም። ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በኦዲት የተረጋገጠ ሒሳባቸውንና የቦርድ አባሎቻቸውን ስም በየዓመቱ ያሳትማሉ። የአክሲዮን ማኅበራት የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪያቸውን በጋዜጣ ያወጣሉ። በ2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ስለ ራሳቸው የሚገልጹት ነገር እየበዛ ይሄዳል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሕጉ አንድ ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ለረጅም ዘመን ከልክሎ ስለነበር የግል ባንኮቻችን ባለቤትነት በብዙ ሺህ እጅ ተበትኗል። በቦርድ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ባለጠጋ አይደለም፤ ስሙ በየትም የማይታይ ባለአክሲዮን ግን ከእርሱ በላይ ሊኖረው ይችላል።

ከወረቀቱ ይልቅ እኔ ብዙ የተማርሁት ከድንጋይ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ግቢ ስትገቡ በግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ደወሉን ማን ገዛ? የውኃ ቧንቧውን ማን አስገባ? የትምህርት ቤቱን አጥር ማን አሠራ? የእድር ሰብሳቢን ብትጠይቁ፣ ድንኳኑ ሲቀደድ ሳይነገረው የሚያሠራውን ሰው ያውቃል። የባዛር መጽሔት፣ የምረቃ መርሐ ግብር፣ በጋዜጣ የወጣ የሕይወት ታሪክ፣ እነዚህ ሁሉ ማን ለምን ጉዳይ እጁን እንደሚዘረጋ ይናገራሉ። የሕግ ማበረታቻም አለ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ነጋዴ ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠው ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪነት ይያዝለታል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው፤ አውቆ የሚነግረው ገንዘብ ጠያቂ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

«ገበታ ለሸገር»ን ሳላነሣ ባልፍ ትጠይቁኛላችሁ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት በተዘጋጀው እራት ላይ የአንድ ሰው ገበታ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። የቀድሞ ነገሥታት ግብር ሲያበሉ ከፋዩ ንጉሡ ነበር፤ በዚህኛው ግን እንግዳው ከፍሎ በላ። እንዲህ ያለ ጥሪ በመንግሥት መሪ ስም ሲቀርብ እንደሚሠራ ታይቷል። አንድ የሕፃናት ማሳከሚያ ድርጅት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የለውም። ከዚያ እራት በኋላ በየሆቴሉ ውድ የእራት ግብዣ ደግሰው የአዳራሹን ኪራይ እንኳ ያልመለሱ ድርጅቶች አውቃለሁ። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከዚህ ቁልቁል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል ይመስለኛል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን በ1981 ዓ.ም. መሠረቱ፤ ማዕከሉ የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሃያ ዓመት አለ። ባለሀብቱም፣ የውጭ አገር ሐኪሙም፣ በሳጥን ሳንቲም የጣለውም ሰው በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ተሰባሰቡ።

አሁን ደስ ወደማይለኝ ነገር ልለፍ። ለጋሽን ማጥናት ሰውን መሰለል ሊሆን ይችላል፤ ድንበሩም ቀጭን ነው። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ስለ አንድ ነጋዴ ባዘጋጀው ማስታወሻ ላይ የሰውየውን ሕመምና ከወንድማቸው ጋር ያላቸውን የውርስ ክርክር ጽፎ ነበር። ከካፌ የሰማው ወሬ ነው። እኔም አንብቤ ዝም አልሁ፤ እንዲያውም «ሲታመሙ ልባቸው ይራራ ይሆናል» ብዬ አሰብሁ። ይህን በአደባባይ ስናገር አፍራለሁ። ማስታወሻው በስሕተት ከሌላ ሰነድ ጋር ተያይዞ ለነጋዴው ጸሐፊ ተላከ። ማግሥቱን ደወሉልኝ። አልተቈጡም። «ልጄ፣ ስለ በሽታዬ ልጆቼ እንኳ አያውቁም ነበር» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ሁለት ስመ ጥር የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የለጋሾቻቸውን ሀብት ሳያሳውቋቸው በማስመርመራቸው በገንዘብ ቀጥቷል፤ አንዱ እንስሳትን ከጭካኔ የሚከላከል፣ ሌላው ለልብ ሕክምና የሚሠራ ነው። ቅጣቱ 25,000 እና 18,000 ፓውንድ ነበር። እኛም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተባለ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ወጥቶልናል። ሕጉ ቢኖርም ባይኖርም ዛሬ የምከተለው ሥርዓት አንድ ነው፤ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ ቢያነበው የማላፍርበትን ብቻ እጽፋለሁ። ሕመም፣ ትዳር፣ የቤተ ሰብ ጠብ አይጻፍም። ከወሬ የተገኘ አይጻፍም። ራሱ በአደባባይ ያደረገው፣ ያሳተመው፣ ወይም በአንደበቱ የነገረን ይጻፋል። «ይህ ከሆነ ብዙ አይቀርም» ትሉ ይሆናል። የሚቀረው ከበቂ በላይ ነው፤ ይልቁንም ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ በገዛ ቢሯችን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የድርጅታችንን አሮጌ የደረሰኝ ጥራዞች ማገላበጥ ጀመርሁ። ለዚህ ሥራ ሰው መቅጠር ከባድ ነው፤ አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝዝ ሥራ አስኪያጆች በእንዲህ ያለ ደመወዝ ይሳሳሉ። እናም ማታ ማታ እኔው ተቀመጥሁ። አንድ ስም እየደጋገመ መጣ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ዓመት በየወሩ 200 ብር፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 500 ብር። አንድም ወር አልጎደለም። በ11 ዓመት የተጠራቀመው 48,000 ብር ነው። ገንዘብ ተቀባያችንን ጠየቅኋት። «ጋሼ ናቸዋ፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት አላቸው። በሱቃቸው ልጅ ነው የሚልኩት። አንድ ጊዜ ራሳቸው መጥተው የመጀመሪያ ልጃቸው በሰባት ዓመቱ በልብ ሕመም እንደሞተ ነግረውኛል» አለችኝ። መቼ? «ኧረ ብዙ ዓመት ሆነው።» ለማን ተናገርሽ? ማንም አልጠየቀኝም አለች።

አቅም፣ ቅርበት፣ የመስጠት ልማድ፤ ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ነበሩ። ከ40ዎቹ አንዱ አልነበሩም። ስልካቸው አልተመዘገበም። በአንድ የ2008 ደረሰኝ ጀርባ ላይ ግን «ዶሮ ማነቂያ» የሚል አድራሻ አገኘሁ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ወር አለፈ። በሚያዝያ ወደ ስፍራው ስሄድ ዶሮ ማነቂያ አልነበረም። የፈረሰ ቤት ድንጋይ፣ የቆርቆሮ አጥርና የቁፋሮ መኪና ብቻ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ ጋሼ ወደ ልጃቸው ቤት መግባታቸውን ነገረኝ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስልክ አፈላልጎ ሰጠኝ።

በልጃቸው ሳሎን ተቀበሉኝ። ቡና ተፈላ። ስለ ሟቹ ልጃቸው ሳልጠይቃቸው አጫወቱኝ፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ «ውጭ አገር ካልሄደ ተስፋ የለውም» ብሏቸው ነበር። ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ ተረዱልኝና ፈገግ አሉ።

«ሱቁ ሊፈርስ ነው ሲባል የነበረኝን ሸጥሁ፤ ከዚያ ላይ 2 ሚሊዮኑን ለአንድ ድርጅት ሰጠሁ» አሉኝ።

«ለየትኛው ድርጅት ነው ጋሼ?»

ስሙን ነገሩኝ። እንደ እኛ ሕፃናትን የሚረዳ ነው። «እርስዎ ግን ለእኛ ነበር ሲሰጡ የኖሩት» አልኋቸው፤ ከአፌ ሾልኮ ነው።

«አዎን። እነሱ ግን መጥተው ጠየቁኝ፤ እናንተ እኮ አልመጣችሁም፣ ልጄ።»

ስነሣ እስከ በሩ ሸኙኝ። በሩ ላይ ከኪሳቸው 500 ብር አወጡና የሚያዝያ መሆኑን ነገሩኝ፤ ደረሰኝም ጠየቁኝ። የደረሰኝ ጥራዝ አልያዝሁም ነበር።