ስለ አሮጌው ቤዝ ጊታርና ስለ ድምፁ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የምናገረው በመዘምራን ክፍል ጥግ ስለ ቆመው አሮጌ ቤዝ ጊታር ነው። ድምፁ ደክሟልና ይሸጥ፥ በምትኩም አዲስ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከመሸጡ በፊት ግን ጥቂት ቃል እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ዘር ልንገራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1951 ሊዮ ፌንደር የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ፕሪሲዥን ቤዝ የሚባለውን አወጣ። ከዚያ በፊት በባንድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ሰው የሚያህለው ኮንትራባስ ነበር፤ እርሱም ለመሸከም ያስቸግራል፥ በመለከትና በከበሮ መካከልም ድምፁ ይዋጣል። አዲሱ መሣሪያ ግን በአንገቱ ላይ ፍሬት ስላለበት እያንዳንዱ ድምፅ በትክክል ይወጣል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። በ1956 የጀርመኑ ሆፍነር ቫዮሊን የሚመስል፥ ውስጡ ባዶ የሆነና ለትከሻ የሚቀል ቤዝ አቀረበ፤ ፖል ማካርትኒ በ1961 በሐምቡርግ የገዛው ይህን ነው። በ1960 ደግሞ ፌንደር ጃዝ ቤዝን ጨመረ፤ የዚህኛው አንገት ከራሱ በኩል ቀጠን ይላል፥ ፒክአፑም ሁለት ነው።

ሦስቱ በድምፅ አይመሳሰሉም። ፕሪሲዥን ወፍራምና ቀጥተኛ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ቢናገርም ይሰማል። ጃዝ ቤዝ፥ ከበርኩማው አጠገብ ያለው ፒክአፕ ሲከፈት፥ ጥርት ብሎ ጥቂት በአፍንጫው ይናገራል። ሁለቱን ፒክአፖች እኩል የከፈተ ሰው ደግሞ የኤሌክትሪኩ እምምታ ሲቀንስለት ያያል። ሆፍነር ለስላሳ ነው፥ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። ለመዘምራን የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ያለ ጥርጥር ፕሪሲዥን እላለሁ። የእኛውም በፕሪሲዥን አምሳል የተሠራ ነው፤ የሠራው ግን ማን እንደ ሆነ ከራሱ ላይ ስለ ተፋቀ አይታወቅም።

ብዙ ሰዎች የአሮጌ ጊታር ድምፅ የሚያምረው እንጨቱ ስላረጀ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጣትና አውታር ከእንጨቱ ይበልጣሉ ባይ ነኝ። በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ሸክላዎች የመታው ጄምስ ጄመርሰን የ1962 ፕሪሲዥን ነበረው። የሚመታው በአንድ ጣት ብቻ ነበር፤ ለስላሳ ጥቅል አውታሮቹን እምብዛም አይለውጥም፥ ከብሪጁ ክዳን ሥርም አውታሩን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረበት።

ይኸን ባነበብሁ ጊዜ በገና ትዝ አለኝ። የበገና አውታር በበርኩማው ላይ ከሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩም እርሷን እየነካ ይንዘረዘራል። ደርዳሪው እንዝራዋን በጥቂት በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እየገፋ የሚፈልገውን ድምፅ እስኪያገኝ ይደክማል። ስፖንጁ ድምፁን ያሳጥራል፥ እንዝራዋ ግን ታንዛርረዋለች፤ ሆኖም በሁለቱም መሣሪያ ድምፁን የሚለውጠው በአውታርና በበርኩማ መካከል የገባ ዋጋ የሌለው ቁራጭ ነው።

ቤዝ ምን ያደርጋል የሚል ካለ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ያዳምጥ። እርሱ በ1943 የተወለደው ከሸቤያችን ብዙ በማትርቀው በጅማ ነው። በዜማዎቹ ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ሌላውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። እንዲሁም ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ባወጣው «ኤረ መላ መላ» ውስጥ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ልብ በሉ። ነገር ግን በስልክ አትስሙት። የቤዝ ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል፤ ትንሿ የስልክ ድምፅ ማውጫ ይህን ልታሰማ አትችልም። የእኛ ዕድሜ ልጆች ቤዝን የናቅነው ስላልሰማነው ይመስለኛል።

ወደ አሮጌው ልመለስ። በመጀመሪያ የማጉያውን ቁልፎች ሁሉ እስከ መጨረሻው ከፈትሁ፤ ያተረፍሁት ጩኸት ብቻ ሆነ። ከዚያ አውታሮቹን ፈትቼ በእናቴ ድስት ቀቀልኋቸው። (እናቴ ዛሬ እዚህ ስላለች ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ድስቱ ታጥቧል።) የስንት ዓመት ላብና ዝገት ውኃውን ቡና አስመሰለው። አድርቄ ስመልሳቸው ድምፁ ነቃ፤ ይህ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያገለግል ዘዴ ነው፥ ለለስላሳ ጥቅል አውታርም አይሆንም። ቀጥሎም የአገራችን ክረምት እርጥበት አንገቱን አጉብጦት ስለ ነበር በውስጡ ያለውን ብረት በችኮላ ግማሽ ዙር አዞርሁት። ቋ! አለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበረም፤ ከዚያ ወዲህ ሩብ ዙር ብቻ አዙሬ አንድ ቀን እጠብቃለሁ። ፒክአፑንም ዝቅ አደረግሁት፤ ማግኔቱ በጣም ሲቀርብ አውታሩን እየሳበ ቅኝቱን ያበላሻልና።

የቀረው የእጅ ነገር ነው። ወደ አንገቱ ቀርበው ሲመቱ ድምፁ ይሞላል፥ ወደ ብሪጁ ሲጠጉ ይጠነክራል። የማይመታውን አውታር በግራ እጅ ዝም ማሰኘት ደግሞ ከሁሉ የከበደኝ ነው፥ ገናም አልቻልሁትም።

አሁን የሚያስፈልገው አንድ ጥቅል አዲስ አውታርና አንድ ጤናማ ገመድ ነው። ከዚህ ንግግር በኋላ መዘምራኑ ሁለት መዝሙር ያሰማሉ። በመጀመሪያው ስፖንጁን አስገብቼ፥ በሁለተኛው አውጥቼ እመታለሁ። ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ይሸጥ ካለ፥ እኔው ራሴ ጠርጌ አስረክባለሁ።